ሚዛኑን ማን ይያዝ

በዕድሜዬ አንድን ሰው ገበያ መካከል ቆሜ «ሌባ» ብዬ ጮኼበታለሁ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከቆላውም ከደጋውም የወጣ ሰው የላሊበላን ገበያ ሞልቶት ነበርና የሰማኝ ብዙ ነው። ጩኸቴ የት የት እንደደረሰ ያወቅሁት በኋላ ነው። የምጽፈው የዚያን ሰው ጉዳይ ነው። ሠራተኛ ስለ መቅጠር በተነሳ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቱ ይመጣብኛል።

የልጅ ልጆቼ ዛሬ ሰው ሲቀጥሩ ወረቀት ያያሉ። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ጉርድ ፎቶ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው። እኔ የማየው እግር ነበር።

ሸማኔ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ ነው የሚሠራው። ድሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ገመድ በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣቱ መካከል ይዞ ይረግጣል። ዓመታት የሠራ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው እንደ በሬ ጫንቃ ይደድራል። ስለዚህ «ሸማኔ ነኝ» ብሎ የመጣውን ሁሉ «ጫማህን አውልቅ» እለው ነበር። አንዱ አፍሮ ተመለሰ። አንዱ «እግሬን ልታጥቢኝ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ሲያወልቅ እግሩ እንደ ሙሽራ እግር ለስላሳ ሆኖ አገኘሁት። «ሂድ፣ ሌላ ሰው ይጠብህ» ብዬ ሸኘሁት።

ሥራዬ ባና ማሠራት ነበር። የላስታ ደጋ ብርድ ያለ ባና አይቻልም። የበግ ጠጉር ተነድፎ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃ ተረግጦ የሚጠብቅ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ባሌ ሲሞት ሁለት ልጆችና ጥቂት በጎች ትቶልኝ ነበር። መጀመሪያ ራሴ እፈትልና አንድ ሽማግሌ ይሸምንልኛል። እያደር የሠፈር ሴቶች ጠጉሩን ከእኔ እየወሰዱ ፈትለው ማምጣት ጀመሩ። ባናዬ ጋሸና ድረስ ተፈለገ፤ የጭነት መኪና ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲያድሩ የሚለብሱት እሱን ነበር። ደርግ ከመጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከትልቁ ድርቅ በፊት መሆኑ ነው፣ የመንግሥት ሆቴሉ ለአልጋዎቹ አርባ ባና አዘዘኝ። ያዘዘኝ ጥምቀት ባለፈ ማግስት ነው፤ የሚፈልገው ደግሞ ለሚመጣው ገና። ሽማግሌው ሸማኔ በዚያው ሰሞን ዓይኑ ደከመና ክር ከክር መለየት አቃተው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤቴ ድረስ መጣ። ወጣት ነው፤ እናቱን አውቃታለሁ።

«ጓድ እሜቴ» አለኝ። ጓድ የሚለው የመንግሥት ነበር፣ እሜቴ የሚለው የእናቱ። ሁለቱንም ላለመተው አንድ ላይ ይላቸዋል። «ሥራው የመንግሥት ሥራ ነው። አንዲት ክር ብትጎድል አሻጥር ነው። ሠራተኛም እንዳያበዙ፤ ከበርቴ ይባላሉ።»

«አርባ ባና በማን እግር ይሸመን ታዲያ? በአንተ?»

«እኔ የፖለቲካ ሰው ነኝ» አለ። እግሩን ግን ወደ ኋላ ሰብሰብ አደረገ።

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። ስሙ ከዚያ ቃል ጋር የተነሳ ሰው ለጥያቄ ይወሰዳል፤ ቤተሰቡም ስንቅ ይዞ ሲመላለስ ይከርማል። ስለዚህ የማላምነውን ሰው አልቀጥርም አልሁ። ችግሩ የማምነው ሰው አለመኖሩ ነው።

ከጓሮዬ አለቱ ውስጥ የተፈለፈለ ትንሽ ዋሻ ነበር። ድሮ መነኩሴ ይኖርበት ነበር ይባላል። ቤት ያስቀመጥሁትን ሱፍ ብል ይበላዋል፤ ዋሻው ግን በበጋም ቀዝቃዛ ስለሆነ ብል አይደርስበትም። በር አሠራሁለት፣ ቁልፍ ገዛሁለት፣ ቁልፉን ከአንገቴ ክር ጋር አሰርሁት። ሱፍ የተባለ ሁሉ፣ ያልተፈተለውም የተፈተለውም፣ እዚያ ይገባል። ለፈታዮቹ ጠጉር፣ ለሸማኔው ክር ስሰጥ ከዋሻው አውጥቼ እዚያው በር ላይ እመዝናለሁ። የሚዛኔን ድንጋዮች ከቀዩ አለት አስጠርቤ ከእህል ነጋዴ ኪሎ ጋር አስተያይቻቸዋለሁ። ሸማኔው ሲጨርስ ባናውን ገና ሳይረገጥ፣ ውሃ ሳይነካው፣ ከተረፈው ቁርጥራጭ ክር ጋር ያመጣልኛል። መልሼ እመዝናለሁ። የሰጠሁትና የተቀበልሁት እኩል መሆን አለበት። ለዘመድ ሌላ ሚዛን፣ ለባዳ ሌላ ሚዛን የለኝም እል ነበር። እኮራበትም ነበር።

የመጀመሪያው ሸማኔ የብልባላ ሰው ነው። የንስሐ አባቴ ዋስ ሆኑለት። እግሩን አየሁ፤ ገመዱ የቆፈረው ቦታ ከሩቅ ይታያል። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ዝምታው አላማረኝም፣ እግሩ ግን አሸነፈኝ። ክሩን በአህያ ጭኖ ብልባላ ይወስድና ቤቱ ሸምኖ፣ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ሁለት ሁለት ባና ያመጣልኛል። ሥራው እንከን አልነበረውም። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ድሩ አይሳሳ፣ ማጉ አይቋጠር። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ጎደለ።

ስምንት ልቃቂት ሰጥቼው ከሆነ የሚመለስልኝ የሰባቱን ያህል ነው። መጀመሪያ አለፍሁት። ሁለተኛ ጊዜም እንደዚያው ጎደለ። የሚጎድለው ሁልጊዜ በአንድ ልክ ነው፣ ከስምንት አንድ። ይህ ይበልጥ አናደደኝ። ሌላ ሌባ አንድ ቀን ብዙ አንድ ቀን ትንሽ ያነሳል፤ ይህኛው ለክቶ የሚሰርቅ ነው አልሁ።

«ቀሪው የት አለ?» አልሁት።

«ያለው ይሄው ነው።»

«ሚስትህ ዘንድሮ ምን ለብሳለች?»

ፊቱ ጠቆረ። «ሚስቴን አታንሺ» አለኝ።

ስድስተኛው ባና በጎደለ ቀን ሚዛኔን ተሸክሜ ገበያ ወጣሁ። ከገበያው ዳር ካለው ዛፍ ላይ ሰቀልሁት። ባናውን በአንድ ወገን፣ ድንጋዮቹን በሌላው ወገን አድርጌ ጮኽሁ። «ሰዎች፣ ይህን ሰው ዕወቁት! ሱፌን ለክቶ የሚሰርቅ ሌባ ነው! ለሱ ክር የሚሰጥ ክሩን ይርሳው!»

እንደ ሌላ ሰው አልማለም፣ አልጮኸም። «መዝነሽ ጨረስሽ?» አለኝ። አህያውን ፈትቶ ሄደ። የንስሐ አባቴም በዋስነታቸው አፍረው ብዙ ጊዜ ቤቴን አልረገጡም። እኔ ግን ለሊቀ መንበሩ አሻጥር ብዬ ስላላመለከትሁ ምሕረት ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በጭነት መኪና ጋሸና ወረድሁ። ጋሸና መንገዱ ወደ እኛ የሚታጠፍበት ከተማ ነው፤ ከወልድያም ከጎንደርም የመጣ ሰው ምሳ የሚበላው እዚያ ነው። ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጬ የሰውን ፊት ሳይሆን የሰውን ልብስ ሳይ ዋልሁ። አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ዳቦ ይበላል፤ ትከሻው ላይ ባና ጣል አድርጓል። ሄጄ ጠርዙን ያዝሁ።

«ምነው እናቴ፣ ልብሴን ሊገፍፉኝ ነው?»

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ጫማህን አውልቅ።»

«እዚህ መንገድ ላይ?»

አጠገቡ የነበሩ ሹፌሮች ሳቁ። «አውልቅላቸው! ልጃቸውን ሊድሩልህ ይሆናል!» አለ አንዱ። አወለቀ። እግሩ አልዋሸም።

ከወልድያ ወዲያ ከቆላው መንገድ ዳር የመጣ ሙስሊም ነው። በአገሩ ክር ጠፍቶ ሸማኔው ሁሉ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል አለኝ። የመጣበት ቀበሌ የሰጠውን መሸኛ አወጣ። ማንበብ የተማርሁት ያኔ በቅርቡ ነበር፣ በመሠረተ ትምህርት። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምሁ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ማኅተሙ ደብዝዟል።

«ይህ ማኅተም ለምን ደበዘዘ? በድንች ቀርጸኸው ነው?»

«በድንች የምቀርጸው ቢሆንማ አድምቄ እቀርጸው ነበር።»

«ዋስህስ?»

«ላሊበላ ማንንም አላውቅም።»

«እንግዲያው አይሆንም።»

ዳቦውን ጨርሶ እጁን አራገፈ። «እርስዎስ ዋስ አለዎት እሜቴ? እኔም የማላውቃቸው ሰው ቤት ነው የምሄደው።»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ጥጋብ ነው ልል ፈለግሁ። ግን «ና፣ ተሳፈር» አልሁት። ሠራተኛ ዋስ ካመጣ አሠሪ የማያመጣበትን ምክንያት እስከ ላሊበላ መኪናው ላይ ሆኜ ሳስብ መጣሁ፤ እሱም ከኋላ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ አብሮኝ መጣ።

የሽመና ጉድጓዱን ከግቢዬ ፀሐይ በሚያገኘው ወገን አስቆፈርሁለት። ምክንያቴ ፀሐዩ አይደለም። ከደጄ ላይ ሆኜ እጁን ላየው ነው። መወርወሪያው ሲመላለስ ድምፁን እከተላለሁ፤ ድምፁ ሲቆም ብቅ እላለሁ። ሥጋ በየእምነታችን፣ ሽሮ በጋራ ነበር፤ ምሳውን ስሰጠው ከእጁ በፊት ጉያውን አያለሁ። አንድ ቀን ከግቢው ጥግ ሲሰግድ ከረጢቱን ፈተሽሁት። ቴምር፣ ምላጭና አሮጌ መወርወሪያ አገኘሁ። ክር አልነበረም። «ጎበዝ፣ ሌላ ቦታ ነው የሚደብቀው» አልሁ።

የመጀመሪያ ባናውን ጨርሶ ከተረፈው ክር ጋር አመጣልኝ። ባናውን ስዳስሰው ደስ አለኝ። ሚዛን ላይ አወጣሁት።

ከስምንት አንድ ጎደለ።

በዚያው ሳምንት ሊቀ መንበሩ ስንት ባና እንደደረሰ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። «የሚያጓትት ሰው ካለ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ» ብሎኝ ሄዷል። ሸማኔዬ አገር የማያውቀው፣ ዋስ የሌለው፣ ማኅተሙ የደበዘዘ እንግዳ ነው። ስሙን ብናገር በማግስቱ ይታሰራል፤ ስንቅ የሚያመጣለትም የለም። ይህን እያወቅሁ፣ ነጠላዬን አገልድሜ ወደ ሽመና ጉድጓዱ ሄድሁ።

«ከስምንት አንድ» አልሁት። «ልክ እንደ ብልባላው ሰው። የት ነው የተማከራችሁት?»

«የብልባላው ሰው ማነው?»

ነገርሁት። የጎደለውን ልክ፣ ገበያውን፣ ጩኸቴን ሁሉ። ሲሰማኝ ቆይቶ መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አኖረ።

«እሜቴ፣ እኔ እኮ እርስዎን ነበር የጠረጠርሁት።»

«እኔን? በምን?»

«ክሩን ከዋሻ እያወጡ ሲመዝኑልኝ። አባቴ ሱፍ ነጋዴ ነበር። አጭበርባሪ ነጋዴ ሱፉን ከውሃ እንስራ አጠገብ ያሳድረዋል። ሱፍ ውሃ ይጠጣል። ሲነኩት እርጥብ አይመስልም፣ ግን ይከብዳል። እዚህ ፀሐይ ላይ ስሸምነው የጠጣውን ይተፋል። ሴትዮዋ ይህን እያወቀች ነው፣ ሰው የምትይዘው በዚህ ነው አልሁ።»

«ይህን አውቀህ ለምን ዝም አልህ?»

«አንዱን ሠርቼ ልይና ከዚያ እጠፋለሁ ብዬ። ወላሂ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛ።»

ደሜ ፈላ። እኔን፣ ለዘመድ እንኳ ሚዛን የማላዛባውን! «አጭበርባሪ ነሽ ነው የምትለኝ?»

«እርስዎም ሌባ ነህ ነው የሚሉኝ» አለ። «ክሩን ለእኔ አይስጡ። እርስዎ ይምረጡ፣ እርስዎ ይመዝኑ፣ እርስዎ ፀሐይ ላይ ያስጡ፣ እርስዎ ይጠብቁ። ማታ ይመዝኑት። ካልቀለለ ወደ ቀበሌ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ከዋሻው ከጥግ በኩል አንድ ትልቅ ልቃቂት አወጣሁ። በራሴ ክር ምልክት አሰርሁበት። መዘንሁት። ግቢዬ መሐል ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ዱላዬን ይዤ ተቀመጥሁ። ሸማኔውን ከአጥሩ ሥር አስቀመጥሁትና ጎረቤቴ እንድትጠብቀው አደረግሁ። እሷ ከፈታዮቼ አንዷ ናት፤ እንዝርቷን ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እንዴ፣ ክሩ ይበርራል ብለሽ ነው?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ፍተዪ።»

«ከረፈደ ሣር አብዪው እንጂ፣ እንደ ጥጃ ነው የያዝሽው።»

ሸማኔው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ውሃ ጠማኝ፤ አልተነሳሁም። ጥላው ሲዞር ከጥላው ጋር አልዞርሁም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልቃቂቱን አንስቼ ሚዛን ላይ አኖርሁት። ድንጋዩ ያለበት ወገን ቁልቁል ሄደ።

መጀመሪያ ሚዛኑን ጠረጠርሁ። ልቃቂቱን በድንጋዩ ቦታ፣ ድንጋዩን በልቃቂቱ ቦታ አድርጌ መዘንሁ። ያው ነው። ምልክቴን አየሁ፤ አልተፈታም። ዞሬ ሸማኔውን አየሁት።

«አታፍጪበት» አለች ጎረቤቴ። «ለውሃ ሽንት እንኳ አልተነሳም።»

አሁንም አላመንሁም። ያንኑ ልቃቂት ዋሻው ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁበትና ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን ሳወጣው በእጄ ገና ሳነሳው አወቅሁት። ሚዛኑ እኩል ቆመ። የጎደለው ሁሉ ተመልሶ መጥቷል። የዋሻውን ግድግዳ በመዳፌ ነካሁት፤ እርጥብ ነበር። ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው ከማለት በቀር ምንም ብዬ አላውቅም።

ያን ጊዜ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ብልባላ ድረስ በፀሐይ የተጓዙት፣ እሳት በሚነድበት ቤት የተሸመኑት ስድስቱ ባናዎች አንድ በአንድ ታዩኝ።

«ተዪው» አለች ጎረቤቴ። «ይህኛውን ለማንም አልተናገርሽበት። ያኛውም ሄዷል። ማን ያውቅብሻል?»

«ገበያው ሁሉ ያውቀዋል» አልኋት። «ሌባ መሆኑን ነው የሚያውቀው።»

ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ወደ ብልባላ በእግሬ ሄድሁ። ከሰዓት በኋላ ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። በሩ ክፍት ስለነበር መጀመሪያ ያየሁት የሽመና ጉድጓዱን ነው። ገለባ ተሞልቶበት ዶሮ ታቅፋበታለች። ሚስቱ ወጣች፤ ዓይታኝ አታውቅም፣ ግን ማን እንደሆንሁ ገባት። ግቢም ውሃ ጠጪም አላለችኝም። በአገራችን ያን ያህል መንገድ ለመጣ ጠላትም ውሃ ይሰጣል። ይልቅ ክንዷን ዘርግታ የቀሚሷን እጅጌ አሳየችኝ። በሦስት ዓይነት ጨርቅ ተጥፏል።

«ምን ለብሻለሁ? እስቲ ቅረቢና እዪ» አለችኝ።

ባልየው የእርከን ድንጋይ ሲደረድር ውሎ መጣ። እጁ በአቧራ ነጭ ሆኗል።

«ልትመዝኚኝ መጣሽ?»

«ተሳስቼ ነበር» አልሁት። የዋሻውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«እዚህ ደጄ ላይ ነው የምትነግሪኝ?» አለ። «ሌባ ያልሽኝ ደጄ ላይ ነው?»

«አይደለም።»

«ከዚያ ወዲህ አንዲት ክር የሰጠኝ ሰው የለም። ለልጄ ሽማግሌ ሊልኩ የነበሩ ሰዎች ቀሩ። አንቺ እዚህ መጥተሽ በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ። እኔማ አለመስረቄን ድሮም አውቃለሁ።»

«ቅዳሜ ገበያ ላይ እናገራለሁ።»

«ተናገሪ። እኔ አልመጣም። እውነት ከተናገርሽ ሰው ይነግረኛል፤ የዚያን ጊዜውን ለአገር ሁሉ ነግሮ የለ።»

ቅዳሜ ሚዛኔን ከዚያው ዛፍ ላይ ሰቀልሁት። ሁለት ልቃቂቶች ይዣለሁ። ዋሻ ውስጥ ሳሉ እኩል መሆናቸውን ጎረቤቴና የንስሐ አባቴ አይተዋል፤ እኚያ አባት ያን ዕለት ብቻ ነው ቤቴን የረገጡት። አንዱ በዋዜማው ፀሐይ ሲሞቅ ውሏል። ሌላው ያን ጠዋት ከዋሻው ወጥቶ በአጎዛ እንደተጠቀለለ ነው። ሚዛኑን ያዩ ሰዎች ደግሞ ማንን ልትሰድብ ነው ብለው ተሰበሰቡ። ሊቀ መንበሩም እየገፋ ደረሰ።

«ጓድ እሜቴ፣ ይህ ስብሰባ ፈቃድ አለው?»

«ስብሰባ አይደለም። ግለ ሂስ ነው።»

አፉን ከፍቶ ቀረ። በየቀበሌው ስብሰባ ግለ ሂስ አድርጉ እያለ ሲለምነን የሚነሳለት ሰው አልነበረም። «እ... እንግዲያው ባጭሩ» አለኝ።

ሁለቱን ልቃቂቶች በሁለቱ ወገን አኖርሁ። የዋሻው ወረደ፣ የፀሐዩ ወጣ። የሆነውን ተናገርሁ። «የብልባላው ሸማኔ ሌባ አይደለም» አልሁ። «ክሩን ያቀለለው ፀሐይ ነው። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን የሰማችሁ ሁሉ ያንን ለነገራችሁት ሰው ይህንንም ንገሩልኝ።»

ዝም ብለው ያምኑኛል ብዬ ነበር። አንዱ ድግምት ነው አለ። አንዱ ደግሞ ቀርቦ ልቃቂቶቹን በየተራ አሸተተ። ከዚያ ከፈታዮቼ አንዷ ከሰው መሐል ተነሳች። «ቆይ፣ ለእኛስ ጠጉሩን ከየት አውጥተሽ ነው የመዘንሽልን?» አለች። ጠጉሩም ከዋሻው ነበር። ጎረቤቴ እንዝርቷን ወገቧ ላይ ሻጥ አደረገችና «በዐቢይ ጾም አጉድለሻል ያልሽኝን አልረሳሁትም» አለች፤ ያን ሁሉ ቀን አብራኝ ስትጠብቅ አንድም ቀን አላነሳችውም ነበር። ያን ቅዳሜ ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰዎች ሰልፍ ከጨው ተራ እስከ በርበሬ ተራ ደረሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የብልባላው ሰው አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። የቆላው ሸማኔ ብቻውን ይሠራል፤ ክረምት እየቀረበ ነው፣ ገናም ከክረምት በኋላ ሩቅ አይደለም። ሁለተኛ ሸማኔ ፈልጌ ሌላ ሰው ጫማ ላስወልቅ አስቤ ነበር። ግን ያ ቦታ የሱ ነው፣ ባይፈልገውም የሱ ነው ብዬ ተውሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የሽመና ዕቃውን በአህያው ጭኖ እሱ ራሱ ከደጄ ቆመ። ሰላምታ አልሰጠኝም።

«ክሩን ሳትመዝኚ ትሰጪኛለሽ» አለኝ።

ትልቅ ነገር ነው የጠየቀኝ። እሺ ማለት ይገባኝ እንደነበር የሚነግሩኝ አሉ። «አይሆንም» አልሁት። «ላንተ ካልመዘንሁ ለዚያኛው ለምን እመዝናለሁ? ለፈታዮቹስ? ክሩ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ከዚያ ለሁሉም ይመዘናል።»

የአህያውን ገመድ ወደ መንገዱ ሳብ አደረገ። የሚመለስ መሰለኝ። የቆላው ሸማኔ ከጉድጓዱ ሆኖ መወርወሪያውን አቆመ።

«እንግዲያው ሚዛኑን እኔ እይዛለሁ» አለ የብልባላው ሰው። «አንቺ አትነኪውም።»

ሚዛኔን ከእኔ ሌላ ሰው ይዞት አያውቅም። አውጥቼ ሰጠሁት። በጣቱ አንጠልጥሎ ባዶውን አየው፤ እኩል ነው። ልቃቂቱን ጨመቅ አደረገው፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ጎንበስ አለና ቀዩን ድንጋይ አነሳ። በመዳፉ አገላበጠው። ጉንጩ ላይ አስጠጋው።

«ይህስ የት ነው የሚያድረው?»

«ዋሻው ውስጥ።»

«ይህ ድንጋይ ውሃ አይጠጣም ያለሽ ማነው?»

የቆላው ሸማኔ ከጉድጓዱ ውስጥ ሳቁን ለቀቀው። ድንጋይ ውሃ ይጠጣ አይጠጣ አላውቅም ነበር። ድንጋዮቹን ሁሉ በቅርጫት አውጥቼ ከልቃቂቶቹ ጎን ፀሐይ ላይ ሰጣሁ። እሱም አህያውን አሰረና የሽመና ጉድጓዱ የሚቆፈርበትን ቦታ እንዳሳየው ጠየቀኝ።

አርባው ባና ከገና በፊት ደረሰ። ሁለቱ ሸማኔዎች እስከ ድርቁ ድረስ ከእኔ ጋር ሠሩ። የሚመዘንበት ቀን ሲሆን ድንጋዮቹ ከክሩ ጋር ፀሐይ ላይ ይውሉ ነበር። የብልባላው ሰው አለፍ ሲል ጎንበስ ብሎ ይነካቸዋል። የቆላው ሰው ለሶላት ሲነሳ ይነካቸዋል። እኔም ሁለቱ ሥራ ላይ መሆናቸውን አይቼ ወጣ እልና፣ ደርቀው እንደሆነ እነካቸው ነበር።